የቁንዱዶ ፈረስን ከመጥፋት ማዳን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቁንዱዶ ፈረስና ስለ ሌሎቹ የአገራችን ፈረሶች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የቁንዱዶ ፈረስ ምንድን ነው? የትስ ነው ያለው?

ቁንዱዶ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ በኩል የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አናቱ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩ ገደል። እዚያ ሜዳ ላይ ባለቤት የሌላቸው፣ ኮርቻ ያላረፈባቸው፣ ልጓም የማያውቁ ፈረሶች ለብዙ ዘመን ኖረዋል። አካባቢው ያውቃቸዋል፤ የቀረው ዓለም ግን የሰማው በቅርቡ ነው።

ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ብቸኛው እንዲህ ያለ መንጋ ይህ መሆኑን ጽፈዋል። በአፍሪካ ደረጃ ከእሱ ጋር አብሮ ስሙ የሚነሳው የናሚቢያው የናሚብ በረሃ መንጋ ነው። ልዩነቱ፣ የናሚቦቹ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳቸው፣ የታወቁ ናቸው። የእኛዎቹ ግን ጥናት ሲጀመር ቀድሞውኑ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነው የተገኙት።

የዱር እንስሳ ናቸው ወይስ ከቤት ያመለጡ?

ከቤት የወጡ ናቸው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሰው ያሳደጋቸው፣ ሰው የጋለባቸው ፈረሶች ነበሩ። ከዚያ በሆነ አጋጣሚ ተለቀው ራሳቸውን ችለው መኖር ጀመሩ፣ ልጆቻቸውም በዚያው ቀጠሉ። እንዲያውም በዓለም ላይ እውነተኛ የዱር ፈረስ ነው ሲባል የኖረው የሞንጎሊያው ፕርዠቫልስኪ ብቻ ነው፣ በእሱም ላይ ክርክር ተነስቷል።

ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ባለቤት ስለሌላቸው የእንስሳት እርባታ ሰዎች «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። የዱር እንስሳ ስላልሆኑ ደግሞ የዱር እንስሳ ጥበቃ ሰዎች እንደ ዋልያና እንደ ቀይ ቀበሮ አያዩዋቸውም። በመሀል ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ለእኔ ይህ ከጅብም ከድርቅም የከፋ ጠላት ነው።

ከየት መጡ?

በሰፊው የሚነገረው ታሪክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ጦር ፈረሶች የተረፉ ናቸው የሚለው ነው። አፈ ታሪክ ነው፣ እንደ አፈ ታሪክነቱ ልንይዘው ይገባል። ያ ሁሉ ፈረሰኛ የተመላለሰበት አገር ስለሆነ ግን ነገሩ ከመሬት የተነሳ ወሬ አይመስልም።

እነዚህ ፖኒ ናቸው ወይስ ፈረስ?

በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ሕግ መሠረት፣ ጫማ ሳይደረግለት ቁመቱ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሁሉ ፖኒ ነው። ቁመት የሚለካው ጋማው ከሚያልቅበት፣ ከትከሻው ጫፍ ነው፣ ከጭንቅላቱ አይደለም። በዚህ መለኪያ ከሄድን የቁንዱዶው ብቻ ሳይሆን አብዛኛው የኢትዮጵያ ፈረስ ፖኒ ነው።

ይህን ስትሰሙ ቅር አይበላችሁ። ትንሽ ቁመት የድክመት ምልክት አይደለም። ደጋ ላይ፣ ገደላማ መንገድ ላይ፣ በጭቃና በድንጋይ መሀል፣ በትንሽ ሣር የሚውል ፈረስ ትልቅ ቢሆን ነበር የሚቸገረው። ዐድዋ የዘመቱት ፈረሶች እነዚሁ ናቸው። አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ እያልን የምንጠራቸው ሰዎች ስማቸውን የወሰዱት ከእነዚህ «ትንንሽ» ፈረሶች ነው።

ኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠር ፈረስ አላት አይደል? ምን ያስጨንቃል?

አዎ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ አለን፣ በአፍሪካም ቀዳሚዎቹ ነን። ጥያቄው ግን ስንት ፈረስ አለ ሳይሆን ስንት ዓይነት ፈረስ ይቀራል ነው። ተመራማሪዎች የአገሪቱን ፈረሶች በአካል ቅርጻቸውና በሚኖሩበት አካባቢ ለይተው ስምንት ቡድን አስቀምጠዋል፦ የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የሰላሌ፣ የኦጋዴን (ዊልዋል ይሉታል) እና የቁንዱዶ። የሰላሌው አካሄዱ ሌላ ነው፣ የኦጋዴኑ ሙቀትና ጥም ለምዷል፣ የባሌው ብርዱን ችሎ ያድራል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው አይተካውም።

ከስምንቱ ውስጥ አደጋው ደጃፉ የደረሰው የቁንዱዶው ነው። ሌሎቹ ቁጥር አላቸው፣ ነገር ግን እንዳያታልለን። ፈረስ ዛሬ ጋሪ እየጎተተ ከወረዳ ወረዳ፣ ከገበያ ገበያ ይዞራል፣ ነጋዴ ከሰላሌ ገዝቶ ሌላ አገር ይሸጠዋል፣ እዚያው ይዳቀላል። በዚህ ከቀጠለ ከአንድ ትውልድ በኋላ ብዙ ፈረስ ይኖረናል፣ የሰላሌ ፈረስ ግን ላይኖረን ይችላል።

ስንት ሲቀር ነው አንድ ዝርያ «ሊጠፋ ነው» የሚባለው?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) መለኪያ አለው። ለመራባት የደረሱ ሴቶች ከ100 ካልበለጡ፣ ወይም ለዘር የሚሆኑ ወንዶች ከ5 ካልበለጡ ዝርያው ከባድ አደጋ ላይ ነው ይባላል። ሴቶቹ ከ1,000 ካልበለጡ ወይም ወንዶቹ ከ20 ካልበለጡ ደግሞ አደጋ ላይ ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አምስት መቶ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ይዛችሁ አራት ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ብቻ ካላችሁ ከባድ አደጋ ላይ ናችሁ። የቁንዱዶው መንጋ የቱንም መስመር አያልፍም።

ለምን ቀነሱ?

ዋናው ምክንያት መያዝ ነው። ሰው ከተራራው ይዞ ያወርዳቸዋል፣ ይገራቸዋል፣ ለጭነትና ለሥራ ያውላቸዋል። ይህን የሚያደርገው ገበሬ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ባለቤት የሌለው ፈረስ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ እሱ ደግሞ ውሃና እህል በጀርባው የሚያመላልስ ሰው ከሆነ፣ ምን ይጠበቃል?

ሌላው ግጦሽ ነው። ሰው ሲበዛ ከብቱ ይበዛል፣ ከብቱ ሲበዛ ወደ ላይ ይወጣል። ፈረሱ ከከብትና ከበግ ጋር በአንድ ሣር ላይ ይሻማል፣ በደረቅ ወቅት ውሃውም ላይ እንዲሁ።

ሦስተኛው ትንሽነቱ ራሱ ነው። መንጋ ሲያንስ ማንኛውም ነገር ይገድለዋል። ባዝራ ለ11 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው፣ መንታ ብዙም አይሳካላትም። የናሚብ በረሃውን መንጋ ተመልከቱ፤ ለበርካታ ዓመታት የሚወለደውን ውርንጭላ ጅብ እየበላው መንጋው ተተኪ አጥቶ ነበር። ትልልቆቹ ደህና ነበሩ፣ ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ምንም የጎደለ አይመስልም። ስለዚህ ስለ መንጋ ጤና ስትጠይቁ «ስንት ናቸው?» ከማለታችሁ በፊት «ዘንድሮ የተወለዱት ስንት ደረሱ?» በሉ።

ከተራራው ላይ ከጠፉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም። እንዲያውም ተስፋ የማልቆርጠው በዚህ ነው። ተይዘው የወረዱት ፈረሶች በሙሉ አልሞቱም። በየቀበሌው ጋሪ እየጎተቱ፣ እህል እየጫኑ፣ ልጅ እያሳደጉ ያሉ ይኖራሉ። ባለቤታቸውም ከየት እንዳመጣቸው ያውቃል፤ እሱ ባያውቅ አባቱ ያውቃል።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፣ በሌላ አገር ሆኗል። የኢራኑ የካስፒያን ፈረስ ከጠፋ ብዙ ዘመን እንደሆነው ይታመን ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. ሉዊዝ ፊሩዝ የተባሉ አርቢ በካስፒያን ባሕር አጠገብ ባለችው አሞል ከተማ አካባቢ አገኙት። ቤተ መንግሥት ውስጥ አልነበረም፣ ጋሪ እየጎተተ ነበር። የእንግሊዙ የኤክስሙር ፖኒ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 50 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ዒላማ አድርገውት ነበር፣ የተራበ ሰው ደግሞ ለሥጋ ሰርቆ ወስዶታል። ሜሪ ኤተሪንግተን የሚባሉ ሴት የአካባቢውን አርቢዎች አሰባስበው የቀሩትን አስመዘገቡ። ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል።

በሁለቱም ታሪክ መጀመሪያ የተደረገው ነገር አጥር ማጠር አልነበረም። የቀሩትን አንድ በአንድ ፈልጎ ማግኘትና መጻፍ ነበር።

ድንጉላ፣ ባዝራ… ለማራባት ስንት ስንት ያስፈልጋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «አንድ ጎበዝ ድንጉላ ለአርባ ባዝራ ይበቃል» ይባላል። ለማስረገዝ አዎ ይበቃል። ለዘር ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ትውልድ ውርንጭሎቹ ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ይሆናሉ።

መንጋው በዘር ስፋት ስንት ፈረስ ያህል እንደሚቆጠር የሚያሳየው ቀመር እንዲህ ነው። የድንጉላውን ቁጥር በባዝራው ቁጥር አባዙ፣ ውጤቱን በ4 አባዙ፣ ከዚያ ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ሁለት ድንጉላና አርባ ባዝራ ያለው መንጋ 320 ሲካፈል ለ42 ነው፤ 8 እንኳ አይሞላም። ማለትም 42 ፈረስ ሜዳው ላይ እያያችሁ፣ በዘር በኩል ግን ያላችሁ ስምንት ፈረስ ያህል ነው። ድንጉላዎቹን አሥር አድርጓቸው፣ ቁጥሩ 32 ይደርሳል። ሃያ ብታደርጉት 53 ይሆናል። አንዲት ባዝራ እንኳ ሳትጨምሩ! ባለሙያዎች ዝቅተኛው ወለል ብለው የሚይዙት 50 ነው። በ50 ላይ በየትውልዱ የዝምድና መዳቀል ወደ 1 በመቶ ይጨምራል፣ በ8 ላይ ግን ከ6 በመቶ ያልፋል። ያኔ የማያረግዙ ባዝሮች፣ ደካማ ውርንጭሎች፣ በቀላሉ የሚታመም መንጋ ይመጣል።

ስለዚህ ገንዘብና ቦታ ካጠረ ምክሬ ይህ ነው። ባዝራ ከመጨመር ይልቅ እርስ በርስ የማይዛመዱ ድንጉሎችን ጠብቁ፣ አንዱንም ለብዙ ዓመት አታንግሡት። ሦስት አራት ዓመት ካገለገለ ለሌላ መንደር ይለወጥ።

ድንጉላዬን ባኮላሸው ጉዳት አለው?

ለሥራ ብላችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትክክል ናችሁ። የተኮላሸ ፈረስ ይረጋጋል፣ ከሌላው ጋር አይጣላም፣ ገበያ ላይ አያስቸግርም። ችግሩ የሚኮላሸው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ሰው የሚኮላሸው ምርጡን፣ ትከሻው ሰፊውን፣ ሰኮናው ጠንካራውን ነው፤ ለሥራ የሚፈልገው እሱን ነውና። ለዘር የሚቀረው ማንም ያልፈለገው፣ ሜዳ ላይ ሲንቀዋለል የሚውለው ይሆናል። እንዲህ እያልን በየዓመቱ ዝርያውን ራሳችን ወደ ታች እንጎትተዋለን። ከማኮላሸታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ውርንጭላ ይውለድ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ።

ባዝራዬን ለአህያ አስጠቅቼ በቅሎ ባገኝስ? በቅሎ ዋጋ አለው እኮ

አለው፣ ማንም አይክድም። በቅሎ ረጅም ዕድሜ ይሠራል፣ ገደል ላይ እግሩ አይስትም፣ ባለቤቱን ያስከብራል። ግን አንድ ነገር አስቡ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አለው፣ በቅሎው 63 ይዞ ይቀራል፣ አይወልድም። ባዝራዋ በቅሎ በወለደችበት ዓመት ለፈረሱ ዘር ምንም አላደረገችም። ከብዙ ፈረስ መሀል ይህ አይጎዳም። ከስምንት ባዝራ ሦስቱ ለበቅሎ ከዋሉ ግን መንጋው ሳይሞት እየጠፋ ነው።

በቅሎ አትውለዱ ማለት ለገበሬው ኪስ አለመጨነቅ ነው። የሚያዋጣው መንገድ ብርቅ ከሆነው ዝርያ የሆነች ባዝራ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከራሷ ዓይነት ድንጉላ ጋር ሆና ሴት ውርንጭላ እስክትተካ መጠበቅ፣ በቅሎውን ደግሞ ከሌላ ባዝራ መፈለግ ነው። ይህን የሚያደርግ አርቢ ግን ገቢ ያጣል፣ ያጣውን የሚተካለት ሊኖር ይገባል። ከጥበቃ ገንዘብ መጀመሪያ የሚመደበው ለዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከውጭ ትልልቅ ፈረስ አምጥተን ብናሻሽለውስ?

ይህን ጥያቄ በየስብሰባው እሰማለሁ፣ መልሴም አይለወጥም፦ ብርቅ ዝርያ ላይ አይሞከርም። ትልቅ አካል ትልቅ ቀለብ ይፈልጋል። ገብስና ድርቆሽ የሚቀርብለት ፈረስ ልጅ ተራራ ላይ ብትለቁት በመጀመሪያው በጋ ይከሳል።

ከቀለቡ ይልቅ የሚያስፈራው በሽታው ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ቫይረስ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ይተላለፋል፣ ከዚህ በፊት ያላየው ፈረስ ላይ ሲያርፍ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከአፍንጫው አረፋ ይወርዳል፣ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ከውጭ የሚመጣ ውድ ፈረስ ከዚህ በሽታ አገር ጋር ትውውቅ የለውም።

ማሻሻል ከተፈለገ ከውስጥ መምረጥ ይቻላል። ከራሱ ከዝርያው መሀል የተሻለውን እየመረጡ ማራባት ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የሚገኘው ነገር የራስ ሆኖ ይቀራል።

በሽታን በተመለከተ ምን እናድርግ?

ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት አለ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ያመርታል። ክትባቱ የሚሰጠው ነፍሳቱ ከመብዛታቸው በፊት መሆን አለበት፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ፈረስ ሲሞት አይቶ ለጎረቤቱ ፈረስ ክትባት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ሌላው በጋሪ ፈረሶች ላይ የምታዩት፣ እግርና አንገት ላይ እንደ ገመድ ተከታትሎ የሚወጣው እባጭና መግል ነው። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ ይባላል፣ ፈንገስ ነው። በቁስል በኩል ይገባል፣ ስለዚህ ዋናው መከላከያ ቁስል አለመፍጠር ነው። በሽታው በብዛት የሚታየው ሞቃትና እርጥበት ባለበት፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ነው። ተራራው አናት ላይ ያለ ፈረስ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ አለው፣ ወርዶ ጋሪ ላይ ሲታሰር ግን ያጣዋል። የጋሪው ዕቃ የሚያርፍበትን ቦታ በእጃችሁ ዳስሱት። ጸጉሩ ተመልጦ ቆዳው ከጋለ ነገ ይቆስላል፣ ዛሬውኑ ጨርቅ ደርቡበት ወይም አሳርፉት።

የወንዴ ዘር አቀዝቅዞ ማስቀመጥ አይሻልም? ክሎንስ?

ይጠቅማል፣ እንደ መጠባበቂያ። የወንዴ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ክሎንም፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ህዋስ ያንኑ የሚመስል ሌላ እንስሳ ማስገኘት፣ ተሠርቷል። በ1980 እ.ኤ.አ. ከተቀመጠ ህዋስ በ2020 አንድ የፕርዠቫልስኪ ውርንጭላ አሜሪካ ውስጥ ተወልዷል፣ ኩርት ይሉታል። ዛሬ ያሉት ፕርዠቫልስኪዎች በሙሉ የተገኙት ከ12 ገደማ የዱር ፈረሶች ስለሆነ፣ የጠፋ ዘር መልሶ ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር።

ነገር ግን ናይትሮጅኑ በየጊዜው መሞላት አለበት። የሚሞላ ሰውና በጀት ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ የቀዘቀዘ ዘር የሚቀበል ባዝራ ከሌለ ምን ይሠራል? ፈረስ ከእናቱ ሣሩን መለየት፣ ውሃውን ማግኘት፣ ጅብ ሲመጣ ወዴት እንደሚሸሽ ይማራል። ይህ በማቀዝቀዣ አይቀመጥም። እኔ ብጠየቅ ከአሥር ብር ስምንቱን ለሕያው መንጋ፣ ሁለቱን ለማቀዝቀዣው እሰጥ ነበር።

ተራራውን አጥሮ ሰውና ከብት እንዳይገባ መከልከል አይሻልም?

አይሻልም። ተራራው ሥር ያለው ሰው ከፈረሱ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ግጦሹን ስትከለክሉት ፈረሱ ጠላቱ ይሆናል፣ ጠላት የሆነ ፈረስ ደግሞ ሌሊት ይጠፋል። ዘበኛ አቁማችሁ አትዘልቁትም።

የሚሠራው ስምምነት ነው። የትኛው ጥግ በየትኛው ወር ለፈረስ ይተው፣ ውሃው እንዴት ይከፈል፣ እንግዳ ሲመጣ የመንገድ መሪው ማን ይሁን፣ ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ ወደ ማን ይሂድ። የአገር ሽማግሌ ያልተቀመጠበት ውል አይጸናም። አዊ ዞን ውስጥ ያለውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ብታዩ ይገባችኋል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፣ ያን ሁሉ ፈረስ በክብር የያዘው ደንብና ቅጣት ሳይሆን የባለፈረሱ ኩራት ነው። ፈረስ ያለው ሰው የሚከበርበት አገር ፈረስ አያልቅም። ምሥራቅ ሐረርጌም የራሱ የፈረስ ጉግስና የራሱ ዘፈን አለው፣ መነሻው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

አንድ ፈረስ ንጹህ የቁንዱዶ ዘር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመልክ ብቻ አታውቁትም። ዳማ ነው፣ ቡላ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦራ አለው እያሉ መወሰን አያስኬድም። በምርመራም ቢሆን የሚነጻጸርበት ናሙና ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ተቀመጡና ታሪኩን ጻፉ። ማን ያዘው? በየትኛው ክረምት? እናቷ አብራ ወርዳ ነበር? ለማን ተሸጠ? የሁለት ጎረቤት ቃል ከተስማማ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ፎቶ፦ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ እግሮቹ ሣር ሳይሸፍናቸው። ቁመቱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማችሁ ለኩ። ጥርሱን እዩ፤ የፊት የወተት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ተኩልና በአራት ተኩል ገደማ በጥንድ በጥንድ ይለወጣሉ፣ አምስት ዓመት ላይ አፉ ይሞላል። በመጨረሻ ከጋማው ከሥሩ ሃያ ሠላሳ ጸጉር ንቀሉ። መቁረጥ ሳይሆን መንቀል ነው፣ ምርመራው የሚሠራው ከሥሩ ላይ ካለችው ነጭ ነጥብ ነውና። በወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ ላስቲክ ውስጥ ካስገባችሁት ይሻግታል። ላዩ ላይ የፈረሱን ስም፣ የቀበሌውን ስምና ቀኑን ጻፉ። ናሙናውን ለማስመርመር ከመሮጣችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ወይም ፈረስ ከሚያጠና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋገሩ።

የቀሩት ሁሉ የተዳቀሉ ቢሆኑስ? ያኔ ምን ዋጋ አለው?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፣ ሰዎችም የሚጣሉበት እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ንጹህ ካልሆነ ተዉት» ይላል። ሌላው «ቁንዱዶ ላይ የቆመ ሁሉ ቁንዱዶ ነው» ይላል። ሁለቱም አያስኬዱም። የመጀመሪያው በ50 ፈረስ ላይ የሚቻል ቅንጦት ነው፣ በአምስት ላይ አይደለም። ሁለተኛውን ከተቀበልን ደግሞ ማንም ከገበያ ገዝቶ ያወጣውን ፈረስ መቁጠር እንጀምራለን።

መሀከለኛው መንገድ መልሶ ማራባት ነው። ግማሽ ዘር ያላት ባዝራ ከእውነተኛ የቁንዱዶ ድንጉላ ጋር ስትዳቀል ውርንጭላዋ 75 በመቶ ይሆናል፣ የእሷ ልጅ 87.5፣ ቀጥሎ ወደ 94 ይጠጋል። ፈረስ እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት፣ እርግዝናው ወደ 11 ወር ነው፤ ከ75ቷ ውርንጭላ ተነስቶ 94 ላይ ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ ይጠይቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ድንጉላው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ንጹህ እናድርግ ስንል ሁሉንም የአንድ አባት ዘር እናደርጋቸዋለን። ስለዚህ ትንሽ የተዳቀሉትን ባዝሮች በንቀት አታስወጧቸው፣ የጠፋውን የዘር ስፋት ይዘው ያሉት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። መዝገቡ ላይ በሁለት ዓምድ ጻፏቸው፣ አንደኛው የተረጋገጠ፣ ሌላው የሚታደግ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ያለች ባዝራ በአራተኛ ትውልዷ ወደ አንደኛው ትዘዋወር። ይህን ደንብ ገና ከመጀመሪያው፣ ማንም ፈረሱን ሳያስመዘግብ፣ ከአርቢዎቹ ጋር ተስማምቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ፈረስ ከተመዘገበ በኋላ የሚወጣ ደንብ ሁልጊዜ የአንዱን ፈረስ ለማስገባት፣ የሌላውን ለማስወጣት የወጣ ይመስላል።